ኤርፉርት ላይ አልጋ ይዞ የጀርመንን ትንንሽ ከተሞች በባቡር ማየት

ጀርመንን ለማየት የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በርሊንን፣ ሙኒክን፣ ሀምቡርግንና ኮሎኝን በአንድ ሳምንት ልጨርስ ይላል። ገንዘቡ በፈጣን ባቡር ያልቃል። ጊዜው ሻንጣ ሲጎትት ያልቃል። እኔ የምመክረው ሌላ ነው። አንድ ትንሽ ክልል ምረጡ፣ አንድ ከተማ ላይ አልጋ ያዙ፣ ከዚያ በየጠዋቱ በክልል ባቡር ወጥታችሁ ማታ ተመለሱ።

ለዚህ ደግሞ ከቱሪንገን የሚሻል ቦታ አላውቅም። ክልሉ ያለው በጀርመን መሃል ነው። አይዝናኽ፣ ጎታ፣ ኤርፉርትና ቫይማር በአንድ የባቡር መስመር ላይ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በክልል ባቡር አንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ማርቲን ሉተር መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎመበት፣ ሙዚቀኛው ባኽ የተወለደበት፣ ባለቅኔው ጎተ የኖረበት አገር ይኸው ነው። ለኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ እንዲታተም ያበቃው ወዳጅነት ታሪክ እዚህ መስመር ላይ ያልፋል። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አምስት ወይም ስድስት ቀን ይበቃል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ወሩንና ቀኑን ምረጡ

ሜይ፣ ጁንና ሴፕቴምበር ጥሩ ናቸው። በጁን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም ብርሃን አለ፤ ከሙዚየም ወጥቶ ለመንሸራሸር ሰፊ ጊዜ ይተርፋል። በሴፕቴምበር ሁለተኛው እሑድ በመላው ጀርመን የቅርሶች ቀን ይከበራል። በሌላ ጊዜ ተቆልፈው የሚውሉ ብዙ አሮጌ ቤቶች፣ ማማዎችና ምድር ቤቶች ያን ዕለት በነፃ ይከፈታሉ። ቀኑ ከጉዟችሁ ጋር ከገጠመ አያምልጣችሁ።

ሁለት ቀኖችን ልብ በሉ። ሰኞ አብዛኛው ሙዚየም ዝግ ነው፤ ስለዚህ ሰኞን ለጫካና ለእግር ጉዞ ተዉት። እሑድ ደግሞ ሱቅ ይዘጋል፤ ዳቦና ፍራፍሬ ቅዳሜ ግዙ። ኦክቶበር ላይ ቫይማር ከ1653 ጀምሮ የሚታወቅ የሽንኩርት ገበያ አላት፤ ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ ገና ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ደግሞ ኤርፉርት የገና ገበያዋን ታቆማለች። ሁለቱም ያምራሉ። ግን አልጋ ከወራት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም።

2. ትኬቱን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ከሆነ ቀላሉ መግቢያ ፍራንክፈርት ነው። ከዚያ እስከ ኤርፉርት ፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይወስዳል። የፈጣን ባቡር ዋጋ ቀኑ ሲቃረብ ይወደዳል። ቀደም ብሎ የሚገዛው ርካሽ ትኬት ግን ለዚያ ለአንዱ ባቡር ብቻ የሚሠራ ነው። አውሮፕላኑ ቢዘገይስ ብላችሁ በቂ ክፍተት ተዉ።

ክልሉ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ሁለት ምርጫ አለ።

የመጀመሪያው ዶይችላንድ ቲኬት ነው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። በመላው ጀርመን በክልል ባቡር፣ በከተማ አውቶቡስና በትራም ያስኬዳል፤ በፈጣን ባቡር ግን አይሠራም። የሚሸጠው በየወሩ በሚታደስ ውል ስለሆነ ተጠንቀቁ። በዚያው ወር እንዲያበቃ ከፈለጋችሁ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ መሰረዝ አለባችሁ። ሰው ረስቶት የሁለተኛ ወር የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ለሳክሶኒ፣ ለሳክሶኒ አንሃልትና ለቱሪንገን በጋራ የሚሸጠው የቀን ትኬት ነው። አንድ ትኬት ሦስቱንም ክልሎች ያዳርሳል። እስከ አምስት ሰው አብሮ ይሄድበታል፤ ሰው በጨመረ ቁጥር የነፍስ ወከፍ ዋጋው ይወርዳል። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በነሱ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሠራው። ቅዳሜና እሑድ ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ስም መጻፊያው ላይ ስማችሁን ሙሉ፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል።

ብቻችሁን ሆናችሁ በየቀኑ የምትወጡ ከሆነ የመጀመሪያው ያዋጣል። ሦስት አራት ሆናችሁ ሁለት ቀን ብቻ የምትወጡ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የክልል ባቡሮች መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። የፊቱ ፉርጎ ወደ አንድ ከተማ፣ የኋላው ወደ ሌላ ይሄዳል። ከመግባታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

3. ማደሪያችሁን በጣቢያውና በአሮጌው ከተማ መካከል ፈልጉ

ኤርፉርት ከዋናው ጣቢያ እስከ መሃል ከተማ በእግር አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ የራቀ ርካሽ ሆቴል ማታ ማታ ያስቆጫል።

ከጣቢያው ስትወጡ ፊት ለፊት ያለውን የቀድሞ ሆቴል ተመልከቱ። በማርች 1970 የምዕራብ ጀርመኑ ቻንስለር ቪሊ ብራንት ከምሥራቁ መሪ ጋር ለመነጋገር የመጣው እዚህ ነበር። ሕዝቡ የፖሊሱን ገመድ ጥሶ ተሰበሰበና ብራንት በመስኮት እንዲታይ ስሙን እየጠራ ጮኸ። ያኔ በምሥራቅ ጀርመን እንዲህ መጮህ ቀላል ነገር አልነበረም። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን የተላከ ዘመድ ካላችሁ፣ ከጉዞው በፊት ስለዚያ ዘመን ጠይቁት። ከተሞቹን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል።

4. የመጀመሪያውን ቀን ለኤርፉርት ስጡ

ጠዋት ሰው ሳይበዛ ወደ ክሬመርብሩከ ሂዱ። በላዩ ቤት የተሠራበት የድንጋይ ድልድይ ነው። ከድንጋይ የተሠራው በ1325 ሲሆን ዛሬ 32 ቤቶች አሉበት። ሰው ይኖርባቸዋል፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። በላዩ ስትሄዱ ድልድይ መሆኑ አይታወቃችሁም፤ ተራ ጠባብ መንገድ ይመስላችኋል። ስለዚህ ተሻግራችሁ በጎን በኩል ወደ ጌራ ወንዝ ዳር ውረዱ። ቤቶቹ በቅስቶቹ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ከዚያ ነው። በምሥራቅ ጫፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ከወጣችሁ ደግሞ ጣሪያዎቹን ሁሉ ከላይ ታያላችሁ።

ቀጥሎ አሮጌው ምኩራብ። ጥንታዊው ክፍሉ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በ1349 በከተማው የነበሩ አይሁዶች ተጨፈጨፉ፤ ሕንፃው መጋዘን ሆነ። ኋላም ምግብ ቤትና የጭፈራ አዳራሽ ሆኖ ምንነቱ ተረሳ። መረሳቱ ነው ምናልባት ያተረፈው፤ በናዚ ዘመን ምኩራብ መሆኑ አልታወቀም። በ1998 በአካባቢው በቁፋሮ የወጣው የብርና የወርቅ ሀብት አሁን እዚያው ለእይታ ቀርቧል። መሃሉ ላይ ትንሽ ቤት የተሠራበት የወርቅ የሠርግ ቀለበት አለ። እሱን ሳታዩ አትውጡ። ቦታው በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከገንዘብ ቤቱ የድምፅ ማብራሪያ ከተሰጠ ውሰዱ፤ ያለ ማብራሪያ ባዶ አዳራሽ ነው የሚመስለው።

ከሰዓት ወደ ካቴድራሉ። ሰፊው አደባባይ ላይ 70 ደረጃ ወጥታችሁ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ግሎሪዮሳ የሚባለው ደወል በ1497 የተሠራ ነው፤ የሚደወለውም በትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። ሉተርም በዚህች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1505 የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ገባ። ገዳሙ ዛሬም አለ፤ ግቢው ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፔተርስበርግ ምሽግ ላይ ውጡ። ግቢው በነፃ ነው፤ ከተማዋ በሙሉ ከሥራችሁ ትሆናለች።

5. የምግቡን ነገር በመጀመሪያው ቀን ተረዱት

ቱሪንገን በቋሊማዋ ትታወቃለች። በየአደባባዩ በከሰል ይጠበሳል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ስለዚህ የማትበሉ ከሆነ «ሽቫይን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ወዲያው ይገባዋል፣ ቅርም አይለውም።

ለሚጾም ሰው ቀላሉ መንገድ «ቬጋን» የሚለውን ምልክት መፈለግ ነው። ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በየመደርደሪያው አለ፤ ምግብ ቤቶችም ዝርዝራቸው ላይ ይጽፉታል። «ቬጀታሪሽ» የሚለው ግን አይበቃም፤ አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። የአገሩ ሌላ መታወቂያ ክሎሰ ነው፣ ከድንች የሚድቦለቦል ትልቅ ኳስ። ራሱ ድንች ቢሆንም የሚፈስበት መረቅ የሥጋ ነው። መረቁን ለይተው እንዲያመጡ ንገሯቸው።

የቧንቧ ውኃ ይጠጣል። ላስቲክ ጠርሙስ ከገዛችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ 25 ሳንቲም ተይዞበታል፣ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ይመልስላችኋል። ጥቂት ጥሬ ዩሮ ሁልጊዜ ኪሳችሁ ይኑር። ካርድ የማይቀበል ትንሽ ካፌና የቋሊማ ጋሪ ዛሬም ብዙ ነው፤ የጣቢያ መጸዳጃም ሳንቲም ይፈልጋል።

6. ጎታ ሂዱ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጊዜ ውሰዱ

ቱሪስት ብዙ ጊዜ ጎታን ዘሎ ያልፋል። እኔ ከሁሉ አስቀድማታለሁ።

መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት የወዳጅነት ታሪክ የሚያልፈው እዚህ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ ምሁር በ1624 ኤርፉርት ተወለደ። ከልጅነቱ ቋንቋ ይወድ ነበር፤ ግእዝንም ከመጻሕፍት ለመማር ይታገል ነበር። በ1649 ሮም ሄደና ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። አባ ጎርጎርዮስ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ካባረሩ በኋላ ከአገር የወጡ ካህን ናቸው። በቫቲካን አጠገብ በሚገኘው የሐበሾች ማረፊያ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በግእዝ ተግባቡ። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና አባ ጎርጎርዮስ እስከዚህ ድረስ መጡ። ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ያኔ ገና ግንባታው አላለቀም፤ የተሠራው ከ1643 እስከ 1654 ነው። እዚያ ተቀምጠው ስለ አገራቸው፣ ስለ ሃይማኖቷ፣ ስለ ነገሥታቷና ስለ ሕዝቧ ሲጠየቁ፣ እሳቸው ሲመልሱ፣ ሉዶልፍ ሲጽፍ ሰነበቱ።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮም ከተመለሱ በኋላም ሁለቱ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጠመችና ሞቱ። ሉዶልፍ ከሳቸው የሰማውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አወጣ። በታሪክ የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ ሰዋስው እሱ ነው።

እንግዲህ ቤተ መንግሥቱን ስታዩ ይህን ይዛችሁ ግቡ። ኮረብታ ላይ ያለ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ነው። ውስጡ የመሳፍንቱን ክፍሎች፣ የተለያዩ ስብስቦችንና የምርምር ቤተ መጻሕፍቱን ይዟል። ረጅም እድሳት ላይ ስለሆነ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። የቆዩ የብራና ጽሑፎችን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ፣ ከሳምንታት በፊት ለቤተ መጻሕፍቱ ጻፉ። ምን እንደምትፈልጉና ለምን እንደሆነ በአጭሩ ግለጹ። በአንዱ ማማ ውስጥ ያለውን የኤክሆፍ ቲያትርም አትለፉት። የ17ኛው ክፍለ ዘመን መድረክ ነው። ትዕይንቱን የሚቀይረው የእንጨት ማሽን ዛሬም በሰው ጉልበት ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ ለተፈጥሮ የሚሆን ነገር አለ። ከጎታ ጣቢያ ፊት ለፊት 4 ቁጥር ትራም ይነሳል። ከተማውን አልፎ፣ እርሻ መሃል ገብቶ፣ ጫካ ውስጥ ይዘልቃል። ባድ ታባርዝ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመጨረሻው ማቆሚያ ተነስታችሁ 916 ሜትር ከፍታ ያለውን ኢንዝልስበርግ ተራራ መውጣት ትችላላችሁ። ጉልበት ከሌላችሁ መንገድ ላይ ማሪየንግላስሆህለ ውረዱ፤ ግድግዳው ክሪስታል ያበቀለ ዋሻ ነው። ዋሻው በበጋም ይቀዘቅዛልና ሹራብ ያዙ።

7. አይዝናኽ ላይ ተራራውን በጠዋት ጨርሱ

ቫርትቡርግ ቤተ መንግሥት ከከተማው በላይ በዓለት ጫፍ ላይ ተሠርቷል። ሉተር ከሜይ 1521 እስከ ማርች 1522 የተደበቀው እዚህ ነው። ጺሙን አሳድጎ፣ ስሙን ቀይሮ፣ አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ ጀርመንኛ በ11 ሳምንት ገደማ ተረጎመ። የጻፈባት ክፍል ጠባብና በእንጨት የተለበጠች ናት።

በእግር የምትወጡ ከሆነ ከከተማው አርባ ደቂቃ ያህል ነው፣ ዳገቱም ይጠይቃል። አውቶቡስም አለ፣ ግን ከማቆሚያው በኋላ ደረጃ ይቀራል። በሩ ሲከፈት ድረሱ። ከረፋዱ በኋላ የአውቶቡስ ጎብኚ ሲበዛ የሉተር ክፍል ውስጥ ቆም ብሎ ማየት አይቻልም።

ጥሩ ጫማ ካላችሁ ከዚያ ወደ ድራኸንሽሉኽት ሂዱ። ዓለት መሃል የተሰነጠቀ ሸለቆ ነው። ጠባቡ ቦታ ስፋቱ 70 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ ግድግዳው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ለብሷል፣ ውኃው ከእግራችሁ በታች ይወርዳል። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ያስቸግራል። በብርዱ ወራት በረዶ ስለሚይዘው አትሞክሩት።

ወደ ከተማ ስትመለሱ የባኽን ሙዚየም ለመጨረሻ አቆዩት። ባኽ በ1685 አይዝናኽ ተወለደ። ትኬቱ በየሰዓቱ በዘመኑ መሣሪያዎች የሚቀርበውን አጭር ኮንሰርት ይጨምራል። ብዙ ጊዜ ከጎብኚው አንዱን ጠርተው የትንሹን ኦርጋን ወናፍ እንዲያሠራ ያደርጉታል። ልጆች ካሏችሁ ፊት አስቀምጧቸው።

8. ቫይማርን ለሁለት ቀን ክፈሉት

በአንድ ቀን የሚያልቅ ይመስላል፤ ከተማዋ ትንሽ ናት። ግን የጎተን ቤትና የናዚ ማጎሪያ ካምፕ የነበረውን ቡኸንቫልድን በአንድ ቀን ማየት ሁለቱንም መበደል ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ለከተማው አድርጉት። የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍትን ትኬት አስቀድማችሁ ያዙ፤ በቀን የሚገባው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። በ2004 ተቃጥሎ 50,000 ያህል መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ተጠግኖ በ2007 ተከፈተ። ብሔራዊ ቲያትሩ ፊት የጎተና የባለቅኔው ሺለር ሐውልት አለ። በ1919 የጀርመን የመጀመሪያው ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት አርክቴክቱ ቫልተር ግሮፒየስ ባውሃውስ የሚባለውን የሥነ ሕንፃና የዲዛይን ትምህርት ቤት እዚህች ከተማ መሠረተ። ማታውን ኢልም ወንዝ ዳር ባለው መናፈሻ ጨርሱት። የጎተ የአትክልት ቤት እዚያ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ለቡኸንቫልድ ብቻ ስጡ። ከቫይማር ጣቢያ 6 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳችኋል፤ ሁሉም አውቶቡስ እስከ መታሰቢያው ስለማይሄድ መድረሻውን አንብቡ። መግቢያ በነፃ ነው። ከ1937 እስከ 1945 ናዚዎች ወደ 280,000 ሰው አሠሩበት፤ 56,000 ያህል ሞቱ። የበሩ ብረት ላይ «ለእያንዳንዱ የሚገባውን» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የሚነበበው ከውስጥ ነው፣ እስረኞቹ እንዲያዩት። የበሩ ሰዓት በነሱ አቆጣጠር 3፡15 ላይ ቆሟል፤ ካምፑ ነፃ የወጣበት የኤፕሪል 11 ቀን 1945 ከሰዓት ነው።

ቢያንስ ሦስት ሰዓት መድቡ። ኮረብታው ነፋሻ ነው፣ ከከተማው ይልቅ ይበርዳል። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አትውሰዱ። ስልካችሁን ዝም አሰኙ፣ የራሳችሁን ፎቶ በሩ ላይ አትነሱ። ከዚያ በኋላ ለቀኑ ሌላ ነገር አታቅዱ።

9. አንድ ቀን ከተረፈ ቪተንበርግ

ከኤርፉርት ሃለ ላይ ባቡር ቀይራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከላይ ያልኩት የሦስቱ ክልሎች የቀን ትኬት እዚህም ይሠራል። ሉተር በ1517 ቤተ ክርስቲያንን የሞገተባቸውን 95 አንቀጾች ያወጣባት ከተማ ናት። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እዚህ ድረስ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ ሲሄድም ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱ የእንጨት በር በ1760 በጦርነት ተቃጥሏል። ዛሬ የምታዩት በ1858 የተተከለው የነሐስ በር ነው፤ አንቀጾቹ በላቲን ተቀርጸውበታል። የሉተር መቃብር ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው። ከዚያ በዋናው መንገድ ሉተር ይሰብክበት ወደነበረው የከተማው ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። በሥራ ቀን ትኬቱ ከ3 ሰዓት በፊት ስለማይሠራ ስትደርሱ ቀትር ይሆናል። ጊዜ እንዳያጥራችሁ ቅዳሜ ብትሄዱ ይሻላል። የመመለሻውን ሰዓት ግን እዚያው ጣቢያ እንደደረሳችሁ አረጋግጡ፤ ማታ ማታ ሃለ ላይ የሚጠበቀው ባቡር ይራራቃል።